የገባ የሚመስል ብሎን

ዳዶው ሦስት ዙር በጣት ገባ። አራተኛው ላይ ጠበቅ አለ። ባለወፍጮው መፍቻውን ጨብጠው ሲጫኑት ብረቱ አንዴ ሲጥ አለና እንደገና መዞር ጀመረ። «ይኸው ነከሰ!» አሉ፣ ግንባራቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ። አጠገባቸው የእጅ ባትሪ ይዤ የቆምኩት እኔም ነከሰ ብዬ አመንኩ።

ቦታው ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች አንዱ ነው። ወፍጮው የናፍጣ ነው። ሞተሩ እንግሊዝ ሠራሽ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ደረት የሚደርስ መዘውር ያለው፣ ጭሱን ጧ ጧ እያደረገ የሚተፋ ሽማግሌ ነው። በዚያ ሰፈር ድምፁን ከሩቅ የሰማች እናት «ወፍጮው ተነሥቷል» ብላ እህሏን ታሸክማለች። የድንጋዩን ዘንግ የሚሸከመው ኩሽኔታ ክዳኑ በአራት ብሎኖች የታሰረ ነው፤ ከአራቱ አንዱ ተቆርጦ ነበር። ባለወፍጮው ደግሞ እንደ ማንኛውም ባለሙያ ያገኙትን ብሎን ሁሉ የሚያጠራቅሙበት አሮጌ የዘይት ቆርቆሮ አላቸው። ቆርቆሮውን ወለሉ ላይ ዘረገፉት፤ ሲበረብሩ ቆዩና ቁርጥ የተሰበረውን የሚመስል ብሎን አነሡ። ውፍረቱ ያው፣ ርዝመቱም ያው ነው።

ዘጠኝ ቀን ሠራ። በዘጠነኛው ቀን፣ ገበያ ስለነበር ሴቶቹ ጤፍና በቆሎ ይዘው በር ላይ ተሰልፈው ሳለ፣ ክዳኑ በአንድ ጎኑ ተነሣ። ዘንጉ ተንገዳገደ፤ ቺንጋው ወጥቶ ግድግዳውን መታው። ደግነቱ ሰው አልተነካም። ብሎኑን ከዱቄቱ ውስጥ ፈልገን ስናገኘው ምንም አልሆነም። የተበላሸው ዳዶው ነው። ጥርሱ ከውስጥ ተልጦ እንደ ሽቦ ተጠቅልሎ ወጥቷል። ጣቴ ላይ አድርጌ ሳየው የልጅ ፀጉር ጥቅልል ይመስል ነበር።

ጨርሶ የማይገባ ብሎን ማንንም አይጎዳም፤ ጥለኸው ሌላ ትፈልጋለህ። የሚያሳስበኝ ሦስት ዙር ገብቶ የሚጠብቀው ነው። ለእጅ «ጠበቀ» እና «ተጣበቀ» አንድ ዓይነት ስሜት ናቸው። በዚህ ምዕራፍ የምናገረው ስለዚህ ልዩነት ነው። ለአሮጌ ዕቃ ምትክ ብሎን መፈለግ በአብዛኛው ትክክለኛውን ከሚመስለው የመለየት ሥራ ነውና።

ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው ማያያዣ ምን እንደሆነ ከብሎን በፊት ከሞፈር ያውቀዋል። ሞፈርና ቀንበርን የሚያገናኘው ምራን የሚባለው ጠፍር ነው። ድግሩንና ማረሻውን አንድ ላይ ጨብጦ የሚይዘው ደግሞ ወገል የሚሉት የብረት ቀለበት ነው። ወገል ሲላላ ገበሬው ሽብልቅ ይሰካበታል። ሲሰበር ወደ ቀጥቃጭ ይወስደዋል፤ ቀጥቃጩም ማረሻውን አይቶ በልኩ ይቀጠቅጥለታል። የጎረቤት ወገል ለእሱ ማረሻ ላይሆን ይችላል፤ ለዚያ ግን ማንም አይጨነቅም፤ ሠሪው ቅርብ ነዋ። ጣና ላይ የሚቀዘፈው የደንገል ታንኳም እንዲሁ ነው። አንድ ሚስማር የለውም፤ ሲላላ እንደገና ይታሰራል።

ብሎን ከዚህ ሁሉ የሚለየው ሠሪው ሩቅ በመሆኑ ነው። በርሚንግሃም ወይም ኦሳካ የተቀመጠ ሰው የሠራው ብሎን፣ እሱ አይቶት በማያውቀው ዳዶ ውስጥ ገብቶ መያዝ አለበት። ለዚህ ደግሞ ሁለቱም ሠሪዎች አስቀድመው በአንድ ልክ መስማማት ይኖርባቸዋል። ችግሩ የተስማሙት በአንድ ሳይሆን በብዙ ልክ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. እስከ 1841 ድረስ እንግሊዝ ራሷ እንደ ወገል አገር ነበረች። እያንዳንዱ ወርክሾፕ የራሱን ጥርስ ይቆርጥ ነበር፤ የአንዱ ዳዶ በሌላው ብሎን አይገባም። በዚያ ዓመት ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለ የማንችስተር መካኒክ ከአገሪቱ ወርክሾፖች ያሰባሰባቸውን ብሎኖች ለክቶ፣ አማካዩን ወስዶ፣ «ለዚህ ውፍረት በአንድ ኢንች ይህን ያህል ጥርስ፣ የጥርሱም ማዕዘን 55 ዲግሪ ይሁን» ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ጥቅሙ ብዙም ሳይቆይ ታየ። በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ለእንግሊዝ የጦር ጀልባዎች ወደ 90 የሚጠጉ ሞተሮች ባስቸኳይ ሲፈለጉ፣ ክፍሎቹ በተለያዩ ወርክሾፖች ተሠርተው አንድ ቦታ መገጣጠም የቻሉት ብሎኑና ዳዶው አንድ ልክ ስለነበራቸው ነው። እኛ ከዚያ ጦርነት የደረሰን ስሙ ብቻ ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ትልቅ መድፍ «ሴባስቶፖል» ያሉት በዚያው ጦርነት በተከበበችው ከተማ ስም ነው።

አሜሪካኖች የዊትዎርዝን ጥርስ ለመቁረጥ አስቸጋሪ ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1864 ዊልያም ሴለርስ ፊላደልፊያ ላይ የ60 ዲግሪ ጥርስ አቀረበ። የአውሮፓ አገሮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1898 ዙሪክ ላይ ተሰብስበው በሚሊ ሜትር የሚለካውን አጸደቁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝና አሜሪካ ጎን ለጎን ቆመው ሲዋጉ የአንዱ ብሎን ለሌላው ማሽን አልሆን አለ። እ.ኤ.አ. በ1948 ከካናዳ ጋር ሦስቱ ተፈራርመው አንድ የጋራ የኢንች ጥርስ አወጡ፤ ከሴለርስ የወረሰው 60 ዲግሪም ጸና። እስከዚያ ድረስ የተሠራው ማሽን ግን ፊርማ ሰምቶ ጥርሱን አልቀየረም። ዛሬም ይሠራል፤ ዛሬም ይሰበራል።

ይህ ሁሉ ታሪክ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ገብቷል። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ ያለፉበት መንገድ የብሎን ሙዚየም ነው ብል አላጋነንኩም። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩበት ጊዜ የሚሊ ሜትሩን ይዘው መጡ፤ ከሄዱ በኋላም ኤንትሬ የምንለው ፊያት የጭነት መኪና ያንኑ ልክ አስቀጠለ። እንግሊዞች በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሲገቡም፣ በኋላም በላንድሮቨርና በወፍጮ ሞተር፣ የዊትዎርዝ ዘር አብሮ ገባ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ገንዘቡ የዓለም ባንክ፣ ሙያውም የአሜሪካኖች ነበር፤ ግሬደሩና ዶዘሩ የሴለርስን የልጅ ልጆች ተሸክሞ መጣ። ከዚያ ጃፓን በአይሱዙና በቶዮታ፣ ሕንድ በባጃጅ፣ ቻይና በሲኖትራክ ተከተሉ።

አንደበታችን ግን ጣልያን ቤት ቀርቷል። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቪቴ፣ ኩሽኔታ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ። እንግሊዝ የሠራውን ሞተር በጣልያን ቃል እየጠራን በጃፓን መፍቻ እንፈታዋለን። ይሄ ለቋንቋ ሰው ደስ የሚል ነገር ነው፤ ለመለዋወጫ ሱቅ ግን መከራ ነው።

መከራው የሚጀምረው ከአጠራሩ ነው። ሱቅ ገብተህ «ብሎን ፈልጌ ነበር» ስትል ልጁ «ስንት ቁጥር?» ይልሃል። አንተም «13» ትላለህ። 13 ግን የመፍቻው ቁጥር ነው፤ የብሎኑ ራስ ስፋት ነው። ዳዶው ውስጥ የሚገባው አካል ውፍረት 8 ሚሊ ሜትር ነው። ይባስ ብሎ ያው 8 ሚሊ ሜትር ብሎን ከጃፓን መኪና ከወጣ ራሱ 12 ነው። ባለ 10 ሚሊ ሜትሩ ብሎን በድሮው የጀርመን ልክ በ17 መፍቻ ይፈታል፤ በጃፓኑ በ14። የጃፓኑ ጥርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደቃቅ ነው፤ በአንድ ዙር 1.25 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ የተለመደው 1.5 ይሄዳል። ስለዚህ «17 ስጠኝ» ብሎ የሄደ ሰው ባለ 10ም ይዞ ሊመለስ ይችላል፣ ከአይሱዙ የወጣ ባለ 12ም ይዞ ሊመለስ ይችላል። የእንግሊዙ መፍቻ በበኩሉ የራሱ ዓመል አለው። በላዩ የሚጻፈው የብሎኑ አካል ውፍረት እንጂ የአፉ ስፋት አይደለም። 3/8 የሚል የዊትዎርዝ መፍቻ አፉ 18 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ 3/8 የሚል የአሜሪካ መፍቻ 9.5 ብቻ። ከደብረ ማርቆስ ጋራዦች በአንዱ እነዚህ ሁለት መፍቻዎች አንድ ሚስማር ላይ ተንጠልጥለው አይቻለሁ፤ ባለቤቱ አንደኛው በስሕተት የተጻፈ ይመስለው ነበር።

እንግዲህ ከሚያስት ራስ ዓይንን አንሥቶ ጥርሱን ማየት ነው።

ከወፍጮው አደጋ ማግሥት ሁለቱን ብሎኖች፣ የተሰበረውንና ያሳሳተንን፣ በጨርቅ ጠቅልለን ከባለወፍጮው ጋር ወደ ደብረ ማርቆስ ሄድን። አንድ መካኒክ ዘንድ ገባን። ሰውየው ገና ወጣት ነው፣ ግን ከመናገሩ በፊት የሚያይ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም በነጭ ጋዝና በሽቦ ብሩሽ አጠባቸው። ቆሻሻ ያለበት ጥርስ ይዋሻል። ከዚያ በካሊፐር ለካቸው፤ የመጀመሪያው 12.6 ገደማ፣ ሁለተኛውም 12.6 ገደማ። ጥርስ ያለበት ቦታ ሲለካ ሁልጊዜ ከስሙ ጥቂት እንደሚያንስ ልብ ይበሉ። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቢሆን 11.8 ገደማ ይል ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱም ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ናቸው። ባለወፍጮው «አላልኳችሁም!» የሚል ፊት አሳዩ።

ወጣቱ ሁለቱን ብሎኖች ጎን ለጎን አጋጥሞ፣ ጥርሱን በጥርሱ አስነክሶ፣ ወደ በሩ ብርሃን አነሣቸው።

«ጋሼ፣ እስኪ ይምጡ፤ ብርሃኑ በየት ነው የሚገባው?»

አየን። ከአንድ ጫፍ ጥርሶቹ ተቃቅፈው ብርሃን አላሳለፉም። ወደ መሃል ሲሄድ ቀጭን የብርሃን ክር ታየ። ወደ ሌላው ጫፍ ክሩ ሰፋ። በመጨረሻው ላይ የአንዱ ጥርስ በሌላው ጥርስ ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር።

«ይሄ 'ኮ የእርስዎ አይደለም» አላቸው በቀስታ።

ማስመሪያ አስጠግቶ ቆጠረ። የተሰበረው በአንድ ኢንች 12 ጥርስ፤ ያሳሳተን 13። የመጀመሪያው ዊትዎርዝ፣ ሁለተኛው አሜሪካዊ። የሚገርመው፣ ከሩብ ኢንች ጀምሮ በተለመዱት መጠኖች የሁለቱ አገሮች ሰፊ ጥርስ ቁጥሩ አንድ ነው። ሩብ ኢንቹ 20 እና 20፣ 5/16ቱ 18 እና 18፣ 3/8ቱ 16 እና 16፣ 7/16ቱ 14 እና 14። በማዕዘኑ ይለያዩ እንጂ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል፤ በችግር ቀን ያገለግላል። ግማሽ ኢንቹ ላይ ግን ይለያያሉ። ልዩነቱ በአንድ ዙር ከ0.2 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዙሮች ዳዶው ውስጥ ያለው ክፍተት ይሸፍነዋል። ከዚያ ይጠብቃል። ከዚያ ባለ ጡንቻ ሰው መፍቻውን ይጫናል። ባለወፍጮው ቆርቆሮ ውስጥ የአሜሪካ ብሎን ምን አመጣው ያልን እንደሆነ፣ ያ መንገድ በግሬደር ሲሠራ ስንት ብሎን እንደረገፈ ማን ቆጥሮታል?

ከዚያ ቀን ወዲህ ብሎን ሳይ ወደ ብርሃን ማንሣት ልማዴ ሆኗል። ማወዳደሪያ ብሎን ከሌለ፣ ወይም ብሎኑን ይዞ መሄድ ካልተቻለ፣ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ጥርሱን በሳሙና ቁራጭ ላይ በደንብ ተጭኖ ምልክቱን ማስቀረት ነው። እንዲህ ምልክት ያለበት ሳሙና ይዤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄጃለሁ። ባለሱቁ ሊያጥብ የመጣ መስሎት ሳቀ፤ ቀጥሎ የራሱን ብሎኖች አንድ በአንድ ሳሙናው ላይ እያሳረፈ ትክክለኛውን አወጣልኝ። ሳሙናው ስለ ውፍረቱ አይናገርም፤ እሱን በወረቀት መጻፍ ነው። ርዝመት ሲጻፍም ከራሱ በታች ያለው ብቻ ይለካል፤ ራሱ እንጨት ወይም ብረት ውስጥ ሰጥሞ የሚቀር ከሆነ ግን ከነራሱ።

ስለ ኢንች ካነሣን የቧንቧውን ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ግቢያችሁ ውስጥ ያለውን «ግማሽ ኢንች» የውሃ ቧንቧ ለኩት። ጥርሱ ያለበት ውጪው 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከግማሽ ኢንች በብዙ ይበልጣል። ስሙ የተሰጠው ድሮ ከውስጡ ባዶ ስፋት ነው፤ ዛሬ ውስጡም በትክክል ግማሽ ኢንች አይደለም። ጥርሱን ወደ ብርሃን ካነሣችሁት ደግሞ 55 ዲግሪ ነው፤ በኢንች 14። ዊትዎርዝ ከብሎን ሱቅ ሊጠፋ ምንም አልቀረው፤ ከቧንቧ ግን ማንም አላስወጣውም። ጠዋት ጠዋት ደብረ ማርቆስ የሚታጠበው ሰው ሁሉ የእሱን ጥርስ እየተጠቀመ ነው።

ልኩ ሲታወቅ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ብሎን ዱላ አይደለም፤ ጠንካራ ላስቲክ ነው ብንል ይቀርባል። ሲጠብቅ በዓይን የማይታይ መጠን ይለጠጣል፤ የሚይዘውም ወደ ቦታው ለመመለስ ሲጎትት በሚፈጥረው ጭብጥ ነው። ስለዚህ ከምን ብረት ተሠራ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። በሚሊ ሜትር ብሎን ራስ ላይ 4.6፣ 8.8፣ 10.9 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያውን በመቶ ስታባዙት ብረቱ ሳይበጠስ የሚችለውን ጉልበት በኒውተን ለካሬ ሚሊ ሜትር ይነግራችኋል፤ ሁለተኛው ከዚያ ውስጥ ስንት አሥረኛው ድረስ ተለጥጦ እንደሚመለስ። 8.8 ማለት 800፣ ከዚያም 640 ድረስ ተለጥጦ የሚመለስ ነው። አሜሪካኖች ቁጥር አይጽፉም፤ ጭረት ያደርጋሉ፤ ሦስት ጭረት መካከለኛ፣ ስድስት ጭረት ጠንካራ ነው። ምንም ያልተጻፈበት ብሎን ምንም ቃል አልገባም። ከፌሮ ተቆርጦ የተሠራ ብሎን አጥር ያስር ይሆናል፤ ኩሽኔታ ግን አይያዝበት።

«ጠንካራው ሁልጊዜ ይሻላል» የሚለውም ያሳስታል። አንዳንድ ማሽን ላይ አንድ ብሎን የተቀመጠው እንዲሰበር ነው። ድንጋይ ወይም ብረት ሲገባ እሱ ተቆርጦ ዘንጉን ያድናል። በእሱ ቦታ 10.9 ያስገባ ሰው ብሎኑን አድኖ ማርሹን ይሰብራል።

የማይዝገውን ብረት በተመለከተ ከባሕር ሰዎች የምንማረው አለ። በውቅያኖስ ዳር አሮጌ የሸራ ጀልባ ያላቸው ሰዎች የእኛው ዓይነት ጭንቅ አለባቸው። ሠላሳ አርባ ዓመት የሞላው ጀልባ ላይ የገመድ መያዣው፣ የሸራ ምሰሶው ማሰሪያ ሁሉ በብሎን የታሰረ ነው፤ ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል፤ ልኩ አንዳንዱ ኢንች፣ አንዳንዱ ሚሊ ሜትር። እነሱ ዘንድ ናስ አይታመንም፤ ጨው ውሃ ዚንኩን እየበላ ቀይ ስፖንጅ ያስቀረዋል። የማይዝገውም ብረት የሚድነው አየር እስካገኘ ነው፤ እንጨት ውስጥ ረጥቦ ከታፈነ በውስጥ በውስጥ ይበላል፤ ከውጭ ራሱ እንደ ብር እያበራ አንገቱ ተበልቶ ይገኛል። ጣና ጨው ስለሌለው በዚህ ረገድ ቸር ነው። ለእኛ የሚበጀው ቁምነገር ሌላ ነው። ሱቅ ውስጥ ኤ2-70 ተብሎ የሚሸጠው የሚያብረቀርቅ የማይዝግ ብሎን ጉልበቱ 700 ነው፤ ጥቁሩ 8.8 ይበልጠዋል። ደግሞ ያለ ግራሶ ከጠበቀ ዳዶው እዚያው ተጣብቆ ይቀራል፤ ከዚያ መፍትሔው መጋዝ ነው።

የወፍጮ ሰዎች የሚፈሩት ሌላው ነገር መላላት ነው። ለዚህ ሁሉም የሚሰጠው መድኃኒት የተሰነጠቀችው የስፕሪንግ ሮንዴላ ናት። ይሁንና ጌርሃርድ ዩንከር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1969 ብሎንን በጣም የሚያላላው ወደ ጎን የሚደረግ መንሸራተት መሆኑን በሙከራ አሳየ። በደንብ የተጨበጡ ሁለት ብረቶች አይንሸራተቱም፤ ካልተንሸራተቱ ብሎኑ አይዞርም። ጭብጡ ደካማ ከሆነ ግን ሮንዴላዋ ብዙ አታድንም። እኔ የስፕሪንግ ሮንዴላ አልጥልም፤ እምነቴን ግን እሷ ላይ አላደርግም።

አሮጌውን ማውጣት ደግሞ ራሱን የቻለ ትዕግሥት ነው። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ዳዶው የሚጣበቀው ተነፍቶ ስለሚጨብጠው ነው። ነጭ ጋዝ አጠጥቶ ማሳደር፣ ከመፍታት በፊት ጥቂት ማጥበቅ፣ እምቢ ካለ ዳዶውን አግሎ ማቀዝቀዝ። ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ የደብረ ማርቆስ በያጆች ጉቶው ላይ ዳዶ ይበይዱና በመፍቻ ያዞሩታል፤ ሙቀቱም ዝገቱን ስለሚያላቅቀው ብዙ ጊዜ ይወጣል። ከመሰርሰር በፊት ይሄን ሞክሩ።

ወደ ባለወፍጮው ልመለስ። ግማሽ ኢንች የዊትዎርዝ ብሎን ከተማው ውስጥ አልተገኘም። መካኒኩ ወደ አንድ ቶርኖ ቤት ላከን። ባለ ቶርኖው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። የተሰበረውን ብሎን በእጃቸው መዘኑና «ይሄን ካየሁ ቆየሁ» አሉ። ከጥግ ካለ የእንጨት ሣጥን የግማሽ ኢንች የእንግሊዝ ታፕ፣ ማለትም የዳዶ ጥርስ መቁረጫ፣ አወጡ፤ ስለዚህ ዳዶው ተገኘ። የውጪውን ጥርስ ግን መቁረጥ ነበረባቸው፤ ማሽናቸው ደግሞ የሚሊ ሜትር ነው።

የማሽኑን የጎን ክዳን ከፈቱ። ከመደርደሪያ ላይ በቅባት ወረቀት የተጠቀለለ፣ ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥ አንድ የጥርስ ጎማ አወረዱ። «ቁጠር» አሉኝ። ቆጠርኩ፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ በሦስተኛው 127 ሆነ። ኢንች በትክክል 25.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ነጥቡን ለማጥፋት በ5 ሲያባዙት 127 ይሆናል። ከዚያ ያነሰ ሙሉ ቁጥር ሁለቱን አገሮች አያስታርቅም። በአንድ ኢንች 12 ጥርስ ማለት በአንድ ዙር 127 ሲካፈል ለ60 ሚሊ ሜትር መሄድ ማለት ነው። 127ን እና 60ን አገናኙ፤ ማሽኑ እንግሊዝኛ ቻለ።

ለብረቱ ራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ባለ 16 ሚሊ ሜትር ረጅም ብሎን መረጡና አካሉን እስከ 12.7 ላጡት። መቁረጫውን ከቆርቆሮ በተሠራ መለኪያ እያመሳከሩ 55 ዲግሪ ሳሉት። ከዚያ አንድ ስስ ጭረት፤ ቆሙ፤ ማሽኑን ሳይለቁ ወደ ኋላ አዞሩት፤ እንደገና። ኢንችን በሚሊ ሜትር ማሽን ሲቆርጡ መካከል ላይ መልቀቅ የለም፤ ከለቀቁ መቁረጫው ቀድሞ ወደ ሄደበት ጎዳና አይመለስም። አሥራ ምናምን ጊዜ ተመላለሰ። በመጨረሻ ዳዶውን አነሡና በሁለት ጣት አዞሩት። እስከ ታች ወረደ፤ የትም አልጠበቀም።

ስድስት አሠራን፤ አራት ለክዳኑ፣ ሁለት መጠባበቂያ። የብሎኖቹ ራስ 24 ሆኖ ቀረ፤ ቦታው ስለበቃው አልከፋም። ማታ ወፍጮው ተነሣ። ባለወፍጮው ሁለቱን ትርፎች ግራሶ በነካ ጨርቅ ጠቅልለው ከሞተሩ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀሏቸው። ያንን ያሳሳተንን የአሜሪካ ብሎን አንሥቼ ልወረውረው ስል እጄን ያዙኝ። «አይጣልም፤ አንድ ቀን ለሌላ ይሆናል» አሉና ወደ ቆርቆሮው መለሱት። ከመመለሳቸው በፊት ግን ራሱ ላይ ቀይ ቀለም አስቀቡኝ።